ደጋ የለመደ ፒስተን

ሰሞኑን አንድ ጎረምሳ ጋራዤ መጥቶ የመኪናውን ኮፈን ከፈተና፣ «ጋሼ፣ አናቱ ጉብ ያለ ፒስተን ብናስገባላት ምን ይመስልዎታል? ጉልበት ትጨምራለች አይደል?» አለኝ። ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት በቅጡ አላስታውስም፤ ብቻ ልጁ ደንግጦ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ሚስቴ ስትሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፒስተን በተባለ ቁጥር የምታብደው ለምንድን ነው? ይዘኸው ልትሞት ነው እንዴ?» አለችኝ። ይዤው መሞት አልፈልግም። መጻፍ ሙያዬ አይደለም፣ ግን እጽፈዋለሁ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎበዝ ነበርኩ። ደሴ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሙያ ተምሬ፣ ሰው የጠገባትን አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ገዝቼ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሞተሯን እያወረድኩ እነካካት ነበር። አስመራ ደርሶ የመጣ ሰው አራት ፒስተን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ስፋታቸው ከሞተሬ ጋር ልክክ ይላል፣ አናታቸው ግን እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ያለ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። በሳምንቱ ገጠምኳቸው።

ለማያውቅ ልንገር። ፒስተን ሲሊንደር ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩንና ቤንዚኑን ጠባብ ቦታ ላይ አጥብቆ ይጨቁናል፤ ከዚያ ካንዴላው እሳት ይሰጥና ይፈነዳል። አናቱ ጉብ ሲል ቦታው ይጠባል፣ ጭቆናው ይበረታል፣ ጉልበቱም እንዲሁ። ግን እንዲህ የተጨቆነ ነገር ጥሩ ቤንዚን ይሻል። ቤንዚኑ ደካማ፣ አየሩም ወፍራምና የጋለ ከሆነ፣ እሳቱን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን አናት አናቱን ይለዋል። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ምስማር ነው። ያንን እየሰማ የሚነዳ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ እየገደለ ነው።

ደሴ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስና ቀዝቃዛ ነው። የኔዋ መኪና ደግሞ አየር በግድ የሚነፋላት ነገር የላትም፣ ሰማይ የሰጣትን ነው የምትተነፍሰው። በስስ አየር ጭቆናው አይከፋባትም። ስለዚህ በረረች። ወላሂ በረረች! የሐረጎን ዳገት ስወጣ አውቶቡሶቹን ወደኋላ እየተውኩ ነው። ሽማግሌው መምህሬ አንድ ቀን ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሰማና፣ «ይሄ ደጋ የለመደ ፒስተን ነው፣ ቆላ እንዳታወርደው። የድሮዎቹንም አስቀምጥ» አለኝ። ሳቅኩበት። የድሮዎቹን ጠፍጣፋ ፒስተኖች አቅልጦ ድስት ለሚሠራ ሰው ሸጬ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእኔ ነው።

በስልሳ አምስት፣ የበልጉ ዝናብ ራያ ላይ ከቀረ በኋላ፣ ክፉ ወሬ ይመጣ ጀመር። ታላቅ እህቴ ቆቦ ዳር ነበረች። ባሏ የተረፉትን ከብቶች ይዞ ሣር ፍለጋ ወደ አፋር ከወረደ ሦስት ወር አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ብቻዋን ነች። እናቴ አንድ ጠዋት ጋራዡ ድረስ መጣችና፣ «መኪና አለኝ እያልክ ከተማውን ስትዞረው አይቻለሁ። እስቲ አንድ ቀን ለቁም ነገር ትዋል፤ ልጄንና የልጅ ልጄን አምጣልኝ» አለችኝ። አንድ ስልቻ በሶ አሸከመችኝ። «ነገ ማታ ይዣቸው እመጣለሁ» ብያት ወጣሁ።

ወልድያን አልፌ ወደ ሜዳው ስወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ተቀምጧል። ያን ያህል ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም፤ መኪና ሲያልፍ እጁን የሚያነሣ እንኳ ጥቂት ነበር። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር። ሮቢት ስደርስ የመጀመሪያዋን ጠቅታ ሰማሁ።

እህቴ በሯ ላይ ቆማ አገኘኋት። ያሳደገችኝ እሷ ነች፤ በጀርባዋ አዝላኝ እንጨት የለቀመች፣ ቁርሷን ቆርሳ ያጎረሰችኝ። ጉንጯ ገብቷል፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ገና ምንም ሳልጠይቃት «አብሽር፣ ደህና ነን» አለችኝ። ልጇ ግን እኔን ሰላም ሳትል ቀጥ ብላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «አጎቴ፣ ዛሬ ነው የምንሄደው?»

«ነገ በጠዋት።»

የያዝኩት ቤንዚን አልቆ ነበር። ቆቦ የተገኘው በበርሜል መጥቶ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ለተራ ሞተር ይሆናል። ለኔ ጉብ ላለው ፒስተን ግን መርዝ ነው። አውቄዋለሁ፤ ቀዳሁ፤ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ተነሣን። ሜዳውን እንደ ምንም አለፍነው። ከጎብዬ ወዲያ መንገዱ ወደ ወልድያ ሽቅብ ማለት ሲጀምር ምስማሮቹ ተነሡ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ! እግሬን ባነሣ ትቆማለች፣ ብረግጥ ትቀጠቀጣለች። ልጅቷ ከኋላ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለች ትስቃለች። ዳገቱ ወገብ ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የዘይት ነጠብጣብ መንገዱ ላይ ይወርዳል። እህቴ የያዘችውን ውሃ ተቀብዬ ራዲያተሩ ውስጥ ሳፈስ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ እሱ ከእኛ ይበልጥ ጠምቶታል?» አለኝ።

ኮፈኑን ዘጋሁ። መኪናዋን አዙሬ ቁልቁል፣ ወደ ቆቦ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰሜን ጨው ጭኖ ወደ ደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር የእህቴ በር ላይ ቆመ። ኮፈኑ ውስጥ ተደፍቼ አይቶኝ ነው። የትግራይ ሰው ነው፣ ደግ ሰው። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የሁለት ሰው ቦታ አለኝ። ሴትዮዋና ልጅቷ ጨው ላይ ይቀመጡ፣ ለማታ ደሴ ናቸው» አለኝ።

እህቴ ሰምታለች። እቃዋን የጠቀለለችበትን ነጠላ እንኳ ይዛለች። እኔ ምን አልኩ? «አመሰግናለሁ፣ የራሴ መኪና አለኝ። እህቴ ጨው ላይ አትጫንም።» እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። ሰውዬው መኪናዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀና ሄደ። እህቴ ነጠላውን መልሳ አስቀመጠች። «አንተ ካልክ» አለችኝ።

 ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጨው ላይ ብትጫን ደሴ ገብታ እናቴ «መኪናህስ?» ብትለኝ ምን ልል ነው ብዬ ነው። መምህሬ ሲስቅብኝ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ የመውጫው በር ተዘጋ። አውቶቡሶቹ ከላይ ሞልተው ይመጣሉ፣ በሽታ ፈርተው ቆቦ ላይ ሰው ማሳፈር ትተዋል። ሹፌሮች የተራበ ሰው እንዳይጭኑ ተከለከሉ፣ ወልድያ መግቢያ ላይ ሰው ይመለሳል የሚል ወሬም መጣ። የጨው መኪናዎቹ በአቧራቸው ብቻ ያልፉን ጀመር። ሰሜኑን እንዳልሞክር፣ ዋጃንና አላማጣን አልፎ ያለው ዳገት ከዚህኛው የባሰ ነው። ወደ ደቡብ ዳገት፣ ወደ ሰሜን ዳገት፣ መሐሉ ላይ እኛ። ያ ሁሉ ሰፊ ሜዳ ለእኔ ጉድጓድ ሆነብኝ። ሰው በእግሩ የሚያልፍበትን ቦታ እኔ ባለመኪናው ማለፍ አቃተኝ። መኪናዋን ጥዬ ብሄድ አጥንቷን አያስቀሩልኝም ብዬ ደግሞ እሰጋለሁ።

ጎረቤቶች መጀመሪያ ሰሞን ይቀልዱብኝ ነበር። «የደሴዋ ሙሽራ ቆቦን ወደደች፣ እንግዲህ እንዳርልህ!» ይሉኛል። በኋላ ቀልዱ ቀረ፤ የሚቀልድ ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ።

እናቴ የሰጠችኝ በሶ የአንድ ቀን መንገድ ስንቅ ነበር። እህቴ ግን ጎረቤት እያየ ብቻዋን የምትበላ ሴት አይደለችም፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ለአራት ቤት አካፈለችው። የቀረውን በየጠዋቱ በውሃ ትበጠብጥና መጀመሪያ ለእኔ ታቀርባለች። እንግዳ ነኛ! ወንድም ነኝ፣ ደግሞም ሠራተኛ ነኝ። «አንተ ብረት ነው የምትታገለው፣ ብላ» ትለኛለች። «እናንተስ?» ስላት «በልተናል» ትላለች። እኔም እበላ ነበር። እያወቅኩ እበላ ነበር። ከእሷና ከልጇ አፍ ነበር የምበላው፤ ይህን ማለት ካልቻልኩ ይህን ጽሑፍ መጀመር አልነበረብኝም።

ልጅቷ በየማለዳው ተነሥታ ወንበሯ ላይ ትወጣለች። «አጎቴ፣ ዛሬ ትሄዳለች?» «ዛሬ ትንሽ ቀርቷታል።» ሁለተኛ ሞከርኩ። የካንዴላውን እሳት አዘግይቼ ነበር፤ ጠቅታው ቀነሰ፣ ሙቀቱ ግን ባሰ፣ እዚያው ዳገት ወገብ ላይ ፈላች። ሦስተኛ በማለዳ ብርድ ሞከርኩ፤ እዚያው። እህቴ ሦስቱንም ጊዜ እቃዋን ጠቅልላ ተሳፈረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ወርዳ ፈታች። አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልተለወጠብኝም። ብትሰድበኝ ምነኛ በወደድኩ!

አንድ መላ ቀርቶኝ ነበር። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታ የምንለውን፣ ትንሽ ከፍ ባደርገው ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቦታ ይሰፋል፣ ጭቆናው ይቀንሳል። ለዚህ ከክዳኑ ሥር የሚገባ ስስ የመዳብ ልባስ ያስፈልጋል። «ስስ መዳብ ባገኝ እኮ…» እያልኩ ስነጫነጭ እህቴ ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ስታገባ እናቴ የሰጠቻትን የመዳብ ትሪ ይዛለች።

«ይሄ አይሆንህም?»

«እታለም፣ ይሄማ የእማዬ ነው።»

«እማዬ ጋ ሊያደርሰን ከሆነ የእሷው ነው። ቁረጠው።»

ቆረጥኩት። ማሽን የለ፣ በመሮ ነው፣ በመዶሻና በሞረድ። አራት ትልልቅ ቀዳዳ ለሲሊንደሮቹ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳ ለውሃውና ለብሎኑ። እንዲለሰልስ ከሰል ላይ አግዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ገጥሜ አስነሣኋት። ወይ ጉድ! አንዲት ጠቅታ የለም! ጸጥ፣ ልዝብ። እየጮህኩ እህቴን ጠራኋት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ልጅቷን አንሥታ ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻት።

ግን ትሪው ሰው በእጁ ቀጥቅጦ የሠራው ነው። ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። ሃያ ዓመት የሠራ መካኒክ ይህን በጣቱ ዳሶ ያውቀዋል። እኔ ጉብ ያለ ፒስተን እንጂ ሌላ መች አውቅና! ሰፈሩን ዞሬ ሳልጨርስ ሞተሩ ተንተፋተፈ። አቆምኩና የዘይት መለኪያውን መዝዤ አወጣሁት። ልጅቷ ከጎኔ ቆማለች። በሳሳው በኩል ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቶ አብሮት ተመትቷል፤ መለኪያው ላይ ነጭ ሆኖ ወፍሮ ይንጠባጠባል።

«ወተት!» አለች ልጅቷ። ሁለት እጇን ዘረጋች። «አጎቴ፣ ወተት!»

«ወተት አይደለም፣ የኔ እናት። ዘይት ነው።»

«ወተት ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ እንኳ የሌለው ልቅሶ ነው። እህቴ መጥታ አቀፈቻትና ወደ ቤት ይዛት ገባች። ስትሄድ እኔን አላየችኝም። በዚያ ቀን ያንን ብረት በመዶሻ ብሰባብረው ኖሮ ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን የተበላሸውን ዘይት ከሞተሩ መቅዳት ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ቤቱም ባዶ ነው። ጎረቤቷ ሽማግሌ የሱብሒ ሶላቱን ሰግዶ በሩ ላይ ተቀምጧል። «ልጅቷን አዝላ ሄደች፣ በእግሯ፣ ወደ ወልድያ» አለኝ። «ከምትቀሰቅሱት ይተኛ፣ ደክሞታል፤ መኪናው ሲሠራለት በመንገድ ይደርስብናል በሉት ብላለች።»

ይደርስብናል! እኔም አመንኩ። እዚህ ላይ ነው እኔን ሰው የማይረዳኝ፤ እኔም ራሴን አልረዳውም። ያኔውኑ ተነሥቼ ሮጬ ቢሆን ከሮቢት ሳታልፍ አገኛት ነበር። እኔ ግን ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱን አጥቤ፣ መዳቡን አውጥቼ፣ ወንበሮቹን ነቅዬ፣ ትርፍ ጎማውን ጥዬ፣ ቀልላ ትወጣ ይሆናል እያልኩ ታገልኩ። እስከዚያ አንዱ ደግ ሰው ጭኗቸው ይሆናል እላለሁ። ደግሞም ዛሬ ባስነሣት በአንድ ሰዓት እደርስባቸዋለሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ቀን ሄደ።

በስድስተኛው ቀን ያ የጨው መኪና ከደቡብ ባዶውን መጣና በሩ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ወደ እኔ ሲመጣ ኮፍያውን አወለቀ። ያኔ አወቅኩ።

«እህትህን ከወልድያ ወዲያ መንገድ ላይ አገኘኋት። ደሴ እናቷ ደጅ አድርሻታለሁ» አለኝ።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ አልነበረችም። ከጎብዬ ወዲያ ዳገቱ ላይ አረፈች። መንገደኞች ሰግደውባት ቀበሯት። እናቷ ናት የነገረችኝ።»  ከዚያ፣ ለመውቀስ ሳይሆን እሱንም ስላንገበገበው፣ «ቦታ ነበረኝ እኮ፣ ሓወይ» አለኝ።

ቁልፉን መኪናዋ ላይ እንደተሰካ ትቼው መንገድ ጀመርኩ። ሊያሳፍረኝ የሚችል የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሮቢትን፣ ጎብዬን አለፍኩ። ሦስት ጊዜ የመለሰኝን ያንን ዳገት በእግሬ ወጣሁት፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ወገቡ ላይ ስደርስ የሞተሬ ዘይት ነጠብጣብ መንገዱ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። ከእሱ ሃያ እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብሎ አዲስ ድንጋይ የተደረደረበት አጭር መቃብር አለ። የማን ነው ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ቁጭ ብዬ ከቁርአን የማውቀውን ያህል ቀራሁ፤ ከዚያ ተነሣሁ።

ደሴ በአምስተኛው ቀን ገባሁ። እህቴ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች። ስታየኝ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣችና አቀፈችኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው። አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። የተቀደደ ጫማዬንና የቆሰለ እግሬን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቅያሜ በሌለው ድምፅ፣ እውነት ማወቅ ፈልጋ፣ «መኪናው ተሠራልህ?» አለችኝ።

«አልተሠራም፣ እታለም።»

«አብሽር፣ ይሠራል» አለችና የሚበላ ልታመጣልኝ ወደ ቤት ገባች።